በመወልወል ያለቀው ምንሽር

ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሠፈር፣ በእነ ባሬ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ምንሽር ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስንት ሰው እንደገደለ ይጠይቃል። የቤቱ እመቤት ቃልኪዳን ትስቃለች። «እሱ? እሱማ ዝንብ እንኳ አልነካ!» ትላለች። ከዚያ ሐሳቧ ወደ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ይነጉዳል።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ አቶ ዓለምብርሃን ሐረር ጦር ሠፈር መሣሪያ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ ልጃቸውን ይዘው ሀርጌሳ ገቡ፤ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍልም ቁልፉን፣ ምድጃውን፣ አልፎ አልፎ ጠመንጃውን ይጠግኑ ጀመር። ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቃልኪዳን በአፈሙዝ ቀዳዳ አሻግራ ያየችውን ትነግራቸዋለች፣ እሳቸውም በቃሏ ይሠራሉ። አንድ ቀን እንኳ ዋሽታቸው አታውቅም።

ባሬ የመጣ ቀን ጠመንጃውን በሽርጥ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ድሬዳዋ ያደገ፣ ሳቅ የማያልቅበት ቀጭን ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ የአያቴ ነው። አፈሙዙ አልቋል ይላሉ። አጎቴ ጃማዕ ቶሎ ይጠገን ብሏል።»

«ለምኑ ነው ጥድፊያው?»

«ኤርፖርት በኩል ውጊያ ተነስቶ የለ? በጎሳችን ጠመንጃ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ሰው ይላክ ተብሏል። ይሄ የዳነ ቀን እኔ እዘምታለሁ።»

ቃልኪዳን ሳይጠይቋት ጣልቃ ገባች። «ለመሆኑ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«አቦ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! ከመርፌ ሌላ ምን ይዤ አውቃለሁ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ቀና ብሎ ሲያያት ግን የሁለቱም ሳቅ ቆመ። አቶ ዓለምብርሃን ብቻ «ምን ሆናችሁ?» አሉ።

ምንሽሩ ነጭ ጋዝ ውስጥ ተነክሮ ዝገቱ እስኪለቅ ሳምንት ፈጀ። ባሬ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ በቴርሞስ ይዞ ይመጣል። ለጠመንጃው ነው ይላል እንጂ ዞር ብሎም አያየው።

«አያቴ ይሄን መሣሪያ እንዴት ይወደው እንደነበር ብታይ» አላት አንድ ቀን። «ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ ጁምዓ በመጣ ቁጥር፣ በብረት ዘንግ ጨርቅ ከትቶ በአመድና በቅቤ ይወለውለው ነበር። ሴት አያቴን ዳሀቦን ያገባት በሱ ነው። እኛ ጋ ገባቲ የሚባል አለ። ልጅቷን የፈለገ ለአባቷ ፈረስ ወይ ጠመንጃ ይሰጣል። አንዴ ከተሰጠ ማስመለስ ነውር ነው። አማቱ ግን ወደደውና፣ በሠርጉ ቀን ራሱ መልሶ መረቀለት።»

«ሲተኩስ አይተኸዋል?»

«ምን ጊዜ አግኝቶ? ሲወለውል ነው የኖረው!»

በማግስቱ ቃልኪዳን ጠመንጃውን ወደ ፀሐይ አቅንታ አየችበት። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ከጥይት ማጉረሻው ጀምሮ እንደ አዲስ ያበራል፤ ጫፉ ላይ ግን ሁለት ጣት ያህል ተልጦ ጠፍቷል። ወዲያው ገባት። ያለቀው በመተኮስ አይደለም፤ በዘንግና በአመድ ነው። ሰውየው በፍቅር ፍቆ ጨርሶታል። ጫፉ ከተቆረጠ አነጣጥሮ ይመታል።

አባቷ «እህስ?» አሏት።

ቃልኪዳን የባሬን ቴርሞስ አየች። «አልቋል አባዬ። ከጥግ እስከ ጥግ ልሙጥ ነው። አይድንም።»

በሦስተኛው ቀን ባሬ ከአጎቱ ጋር መጣ። ጃማዕ ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ስለነገደ አማርኛ አያስቸግረውም። አይድንም ሲሉት፣ «አንተ ራስህ አይተኸዋል?» አላቸው።

አቶ ዓለምብርሃን ክብራቸው ተነካ። አንድ ጥይት ከመሳቢያ አወጡና ሹል ጫፏን አፈሙዙ ላይ ሰኩ። ጠልቃ ገባች። በማጉረሻው በኩል አዙረው ሞከሩ፤ ጠመዝማዛው መስመር መንገድ ላይ ያዛት። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ለኩ። ጣታቸው አልዋሻቸውም።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ያየሽው ምን ነበር?»

ቃልኪዳን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንባዋ ቀደማት። «ጫፉ ብቻ ነው አባዬ። እንዳይሄድ ብዬ ነው። ይሞትብኛል ብዬ ነው።»

አባቷ አልተቆጧትም፤ ፊታቸውን ብቻ አዞሩባት፤ ይህ ከዱላ ባሰባት። ጃማዕ ግን «እንግዲያው ቁረጠው» አለ። «የዘማቾቹ መኪና ዛሬ ከሰዓት ይነሳል።»

ባሬ ከተቀመጠበት ተነሣ። ምንሽሩን ከጠረጴዛው አነሣና በሁለት እጁ አቶ ዓለምብርሃን ጭን ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ገባቲ ነው። ቃልኪዳንን ይስጡኝ።»

«አብደሃል?» ጮኸ ጃማዕ።

«ዳሀቦ የመጣችው በዚሁ ነው አጎቴ። እንግዲህ ቤታችን ጠመንጃ የለውም። ከፈለግክ አስመልሰው።»

ጃማዕ እጁን ሰነዘረ። ጠመንጃው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ አየ፣ የምታለቅሰውን ልጅ አየ። ሻሹን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «በቤታችን የሰጠውን ገባቲ መልሶ የተቀበለ የለም» ብሎ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላላቸውም።

አቶ ዓለምብርሃን ብረቱን ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ዳበሱ። ልባቸው በሁለት ተከፍሎ ነበር።

«ማተቧንስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ወላሂ፣ ጋሼ፣ አንገቷ ላይ እንዳለ ይኖራል።»

«እንግዲህ እግዜር ይባርካችሁ። አንቺ ግን» አሉ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘርግተው፣ «ዳግመኛ ዓይኔን እንዳታሳውሪብኝ።» ቃልኪዳን እጃቸው ላይ ተደፍታ ሳመቻቸው።

በሠርጉ ቀን አባቷ ምንሽሩን፣ ጫፉን ሳይቆርጡ፣ ለባሬ መልሰው መረቁለት።

ዛሬ አቶ ዓለምብርሃን የሉም። ባሬም ሸብቷል። ጁምዓ ሲመጣ ጠመንጃውን አውርዶ፣ ጨርቅ በእጁ ይዞ ቤቱን ይፈትሻል።

«ዘንጉን የት አደረግሽው?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«አቦ፣ ትንሽ ልወልውለው!»

«ለቅድመ አያትነት ሳትበቃ ልትጨርሰው? ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ።»

ቁጭ ይላል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዘንጉን የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ አላገኘውም።