ያልቀለጠው ቅቤ

ሌንሳ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሷን ግን ዩኒቨርሲቲ አስገብቻለሁ። የምትሠራው ምግብ ቁጥጥር ነው። ሱቅ ለሱቅ እየዞረች እሽጉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን ታያለች።

መጀመሪያ ስትነግረኝ ስቄባታለሁ። እኔ ላፍቶ ላይ ላም ሳልብ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሜዳ ላይ ማለቴ ነው፣ ቅቤ ወረቀት ተለጥፎበት አያውቅም። ቅቤ ቅቤ ነው። ወረቀት የመጣው እምነት ሲያልቅ ነው።

ተካልኝን ያገኘችው በዚሁ ሥራዋ ነው። ሀይሌ ጋርመንት፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ፣ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ከአገሩ ከጉራጌ ቅቤ ያስመጣል፤ በፕላስቲክ ዕቃ ያሽግና አረንጓዴ ወረቀት ይለጥፍበታል።

«‹ኦርጋኒክ› ይላል» አለችው ሌንሳ ዕቃውን አንስታ። «ማስረጃህ የታለ?»

«ማስረጃዬ ላሟ ናት።»

«ፈርማለች?»

«መጻፍ አትችልም እንጂ ትፈርም ነበር።»

«እንግዲያው እስክትማር ድረስ ቃሉን አንሳው። የታሸገበት ቀን የለም። ማን እንዳሸገውም አልተጻፈም።»

«ስሜን ብጽፍ ስልኬንም ትጠይቂኛለሽ?»

«እሱም ግዴታ ነው» አለችው፤ ግን ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነው ያለችው።

ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ ጉንጯ በርቶ ነበር። «አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «ልትቀጪ ሄደሽ ተቀጥተሽ መጣሽ።»

«አኮ ደግሞ!» አለችኝ። አኮ ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው።

ሌላ ቀን ስትሄድ አረንጓዴው ወረቀት የለም። በቦታው ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፦ ቅቤ፤ የታሸገበት ቀን፤ ያሸገው ሰው ስምና ስልክ። ሌላ ምንም። ወረቀቱን በመቀየሩ ደንበኛ እንደሸሸው እሱ አልነገራትም፤ የጎረቤቱ ባለሱቅ ነው የነገራት። እሷ ወረቀቱን ደጋግማ ታነባለች፣ እሱ ቆሞ ያያታል። የወደደችው ያን ጊዜ ነው። የሌላ ሰው ልጅ በአበባ ትሸነፋለች፤ የእኔዋ በታሸገበት ቀን።

ከዚያ ወዲያ እስከ ላፍቶ በሚኒባስ ይሸኛት ጀመር። ቤትም መጣ፤ ጉልበቴን ሳመ።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

«ራሴን ነው እማማ።»

«እሱማ ኪሎ አይሞላም።» ቀጭን ነው።

ከት ብሎ ሳቀ። ወደድኩት። ምን ልዋሽ፣ ወደድኩት።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ እሺ አልን። በእሺታው ቀን በእኛ ቤት ወግ አለ። ከወንዱ ወገን የመጣ ቅቤ በልጅቷ መሀል አናት ላይ ይደረጋል። በአናቷ ሙቀት ቀልጦ ግንባሯ ላይ ሲወርድ ያኔ እልል ይባላል። ከዚያ በፊት እልል ማለት ነውር ነው።

የተካልኝ እናት ቅቤውን አቀበለችኝ። የሱቁ ዕቃ ነው፣ ነጩ ወረቀት ያለበት። ተካልኝ ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ በኮባ የጠቀለልሽው የት አለ?»

«ቤት ነዋ! በቅጠል ጠቅልዬ ሰው ፊት ልቅረብ? ያንተ ስም ያለበት አይሻልም?»

ኮርታ ነው የተናገረችው። የልጇን ስም ታትሞ ያየች እናት ምን ታድርግ።

ቅቤውን ዝቄ በሌንሳ አናት ላይ አደረግሁ። አጎንብሳ ጠበቀች። ሴቶቹም አፋቸውን አሰናድተው ጠበቁ። ቅቤው እንዳስቀመጥኩት ቁጭ አለ።

«ከፍሪጅ ስለወጣ ነው» አለች አንዷ።

ጠበቅን። ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች፤ ቅቤው ግን እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ቀረ። እልልታ ጉሮሮ ውስጥ ሲደርቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ሌንሳ እጇን ሰደደች። ከአናቷ ቆንጥራ በጣቶቿ መሀል አሸችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ተካልኝን አየችው። እሱ አላያትም። ያ በቃት።

ጓሮ ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ፤ በገዛ ቤቴ ማን ይከለክለኛል?

«የሚረጋ ዘይት ቀላቅለህበታል» አለችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ለፋሲካ ብቻ ብዬ ነበር። የጀሞ ሱቆች ሁሉ አምጣ አሉኝ፤ ከአገር የሚመጣው አልበቃ አለ። መርዝ እኮ አይደለም ሌንሳ። ዘይት ነው፣ አገር ሁሉ ይበላዋል።»

«ታዲያ ዘይት ብለህ አትጽፍም?»

«ማን ይገዛኛል?»

«ያን ወረቀት ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ። ሰው አንብቦ ሲገዛህ እኔንም አምኖ ነው።»

«ያንቺን ለይቼ ነበር!» ድምፁ ተሰበረ። «የኮባው ንጹህ ነው፤ እናቴ በእጇ የናጠችው። ላንቺማ እንዴት ብዬ...»

«ለእኔ ንጹሁ፣ ለጎረቤቴ ዘይቱ።»

እኔ አፌ አይችልም፣ «አንተ ቀጣፊ!» አልኩት። ሌንሳ ክንዴን ያዘችኝ። «አኮ፣ ተይው» አለች።

ከጓሮ ስንወጣ እናቱ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። ነገሩ ገብቷታል። «የኮባውን ላምጣው?» አለች፤ «ሮጬ ላምጣው?»

ሰኞ ሌንሳ ለአለቃዋ ራሷ ተናገረች። ባልደረቦቿ ሱቁን ሊያሽጉ ሲሄዱ «አንቺ እጮኛው ነሽ፣ ቅሪ» ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ሄዳ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ተካልኝ ዕቃዎቹን በገዛ እጁ እያወጣ ለተቆጣጣሪዎቹ አስረከበ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ማዶ አያት። ሚኒባስ በመሀላቸው አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እሷ ከቆመችበት አልነቃነቅም አለች፤ እሱም አልተሻገረም። ቤት ገብታ ይህን ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ክረምቱ ሲወጣ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። «ጥፋቱን አምኗል፤ ተቀጥቷል። የሸጠውንም በየሱቁ ዞሮ ራሱ ሰብስቧል። የወጣት ስህተት ነው፣ ይቅር በሉን» አሉ። በሩን ልዘጋባቸው እጄን ስዘረጋ ሌንሳ ወጣች። ከስታለች፤ ቀሚሱ ሰፍቷታል።

«እወደዋለሁ በሉት» አለቻቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ፊቱ ፈካ።

«ግን አላገባውም። ነገ ልጅ ወልጄ፣ አባቱ ያጎረሰውን ሁሉ ከአፉ እየነጠቅሁ ላስመረምር ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዘራቸውን አንስተው መንገድ ሲጀምሩ ትልቁ ዘወር አለ።

«ልጄ» አላት ቀስ ብሎ፣ «እወደዋለሁ ያልሽውን ብንተወው አይሻልም? ልቡ እንዲቆርጥ።»

«አይ አባቴ» አለች ሌንሳ፤ እንባዋ እየወረደ። «ይህንንም ንገሩት። እውነት ነው።»