የቁም ሙሾ

እናቷ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ መንጭቃ አወረደችው።

«ተይ አልሁሽ። አባትሽ ጣና ላይ ሆኖ አንቺ ጥቁር ለብሰሽ ልታለቅሺ? ሟርተኛ።»

ዜማ ሻሹን መልሳ ያዘች። ከሸራው መጋረጃ ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ ተመልካቹ እየተሰበሰበ ነው። የወጣቶቹ ቲያትር ክበብ ዛሬ የሚያሳየው ጣና ላይ ስለሰጠመ ጀልባ ነጂ ነው። አባቷን የምታለቅሰው ልጅ ደግሞ እሷ ናት።

«እማዬ፣ ትወና እኮ ነው።»

«ትወና አላውቅም። ባልሞተ ሰው ሙሾ አይወረድም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

የክበቡ መሪ መቅደላዊት ከጎን ሆና ዓይኗን ትኳላለች። ከመራዊ እስከ እንፍራንዝ ያልተወነችበት የገበያ ሜዳ የለም። አንዴ መራዊ ላይ ክፉ እንጀራ እናት ሆና ተጫውታ፣ ቲማቲም ሻጯ «ለአንቺ አልሸጥም» ብላ አባረረቻት። ይህን ስታወራ ትስቃለች። «ካልሰደቡሽ አላመኑሽም ማለት ነው» ትላለች።

«የሟቹ ስም ማነው?» አለች እናቷ።

«በላቸው።»

«በይ ስሙን ደጋግመሽ ጥሪ። ሰው አባትሽን ክንዱን እንዳይመስለው።»

ዜማ ተናደደች። ባለፈው ክረምት የአባቷ ጓደኛ ኪዳነ ወልድ ከዘጌ ሲመለስ ማዕበል ወሰደው። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬቱ ቤቱ ተሰቅሎ ተገኘ። አባቷ ቀብሩ ላይ ደረቱን እየመታ አለቀሰ፤ በማግሥቱ ግን የራሱን ጃኬት በር ኋላ ሰቅሎ ወደ ውሃው ሄደ። ስትለምነው ይስቃል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ጣና እኔን ያውቀኛል» ይላል። ኪዳነ ወልድንስ አያውቀውም ነበር?

«በየሰንበቱ የጃኬቱን አቧራ የምትጠርጊው አንቺ ነሽ» አለች ዜማ። «ሟርቱ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»



ከበሮው ተመታ። ዜማ ሻሿን አስራ በሸራው ቀዳዳ አየች። አባቷ ጀልባውን አስሮ ከጓደኞቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሸንኮራ ይመጥጣል። ሸሚዙ ረጥቧል፤ ጃኬት የለም።

«መጥቷል» አለች። እናቷ «ተመስገን» ብላ ሣሩ ላይ ዘጭ አለች።

ዜማ ወጣች። በቲያትሩ የሰጠመው ሰው አልተገኘምና ቃሬዛው ላይ የተዘረጋው ባዶ ጃኬት ነው። አባቷ በክርኑ ጎረቤቱን ጎሸም አድርጎ «የእኔ ልጅ ናት» አለ። ጀልባ ነጂዎቹ ሳቁ።

በላቸው ማለት ነበረባት። ሳቁን ሰማች። ጃኬቱን አንሥታ አቀፈችና አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች ጀመረች፦

«ጣና አይወቀስም፣ መዋጥ ነው ልማዱ፤
ጃኬቱን ሰቅሎ ነው የሄደብኝ ክንዱ።»

ሳቁ ቆመ። ጓደኞቹ ሁሉ ዞረው አባቷን አዩት። ሸንኮራው ከእጁ ወደቀ።

«ምን አልሽ አንቺ?» ብሎ ተነሣ።

አሁን «በላቸው» ብላ ብታርመው ሁሉም ቀልድ ሆኖ ያልፋል፤ ማታም ቤት በሰላም ትገባለች። መቅደላዊት ከበሮውን ይዛ ትጠብቃታለች።

ዜማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ደገመችው። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ፣ ከመጋረጃው ኋላ የእናቷ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ሙሾውን ተቀበለ።