የዳባይል የመጀመሪያ ዝላይ

ተዋናዩ ዐቦኮር ሞቶ የተገኘው በሆዱ ተደፍቶ፣ ዐይኖቹ በቀይ ሻል እንደታሰሩ ነበር። የወደቀው ቱሊ ጉሌድ ከተማ ዳር ካለ ያላለቀ ፎቅ ላይ ነው፤ በጓሮው በኩል፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ። ለፊልሙ ሲዘል እሱን ሊቀበሉ የተነጠፉት ፍራሾች ግን በሌላው ወገን፣ መንገድ ዳር፣ ከመብራት ፖሉ ሥር ተደርድረዋል። ፍራሽ በራሱ እግር አይሄድም። ስለዚህ በቦታው የነበረ ሁሉ «አንድ ሰው አዛውሮታል» አለ፤ ያንን ሰው ለማግኘትም ማንም አልተቸገረም።

ፋይሶን ከሮቶው ጀርባ፣ ስልኩን እንደያዘ አገኙት። ልጁ «የዳባይል ወዳጆች» የተባለው የቴሌግራም ቡድን መሪ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት «ይህ ፊልም ከሚወጣ ዳባይል ቢሞት ይሻለዋል» ብሎ ጽፎ ነበር። ዳባይልን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ዐቦኮር ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የከተማዋ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ ካቴና አጠለቀለት።

ለጅጅጋ ወጣት ዳባይል ማን እንደሆነ መንገር ውሃ ቀድቶ ወደ ወንዝ መመለስ ነው። ለሌላው ግን ልንገር። ሳሃል የምትባል ሠዓሊ የፈጠረችው፣ እንደ ነፋስ የሚበር የኮሚክ ጀግና ነው። በፎቶኮፒ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። አንድም ቃል የለበትም። ሶማሌኛ የሚያነበውም፣ አማርኛ የሚያነበውም፣ ጭራሽ የማያነበውም እኩል ይረዳው ብላ በሥዕል ብቻ ነው የሠራችው። መልካም ሐሳብ ነበር። ጣጣውም እዚያው ውስጥ ነበር።

ኢንስፔክተር ረቢዓ በማግስቱ ጠዋት ከጅጅጋ መጣች። ጥርሷ መሐል ቅርንፉድ የማታጣ፣ ከምትጠይቀው ይልቅ የምታየው የሚበልጥ ሴት ናት። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ወጣች። በሮቶው በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የዐቦኮር ጫማዎች መስጊድ በር ላይ እንደሚወልቁት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተገፋ ሰው ጫማውን እንዲህ አያስተካክልም።

ደረጃው ሥር የሟቹ እህት ማርያን ጠበቀቻት።

«ያን ልጅ እንዳትለቂው» አለች። «ወንድሜን በምላሱ ሲገድለው ነበር የከረመው። በእጁ መጨረሱ አይገርምም።»

«ካጠፋ አልለቀውም። ካላጠፋ ግን ያንቺ ዕንባ አያሳስረውም፣ እህቴ።»

ቀጥላ ዳይሬክተሩን መልአክን አነጋገረች። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግር የማይቸግረው ሰው ነው።

«ኮሚኩን አንብበውታል?»

«ማንበብ ብቻ? በቃሌ ነው የማውቀው! ትሬለሩን ለቀን ልጆቹ ሲሰድቡን፣ ይህችን ትዕይንት ልክ እንደ ሥዕሏ እንቅረጻት ያልኩት እኔ ነኝ። አራቱን ሥዕሎች አስባዝቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሻሉን እንኳ መለስኩላቸው።»

«አውጥተውት ነበር?»

«የጀግና ፊት መታየት አለበት ብዬ ነዋ።»

«ዝላዩን ተለማምዳችሁታል?»

መልአክ አንገቱን ደፋ። «ፀሐይዋ ልታመልጠን ነበር። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ድሮኑ የሚልከውን የዐቦኮርን ፊት ብቻ ነበር የማየው። ‹ቀጥል› አልኩ። ዘለለ። በቃ።»

ፍራሾቹን የሚያነጥፉት ጋሽ ወልደሩፋኤል ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«ፍራሹ ለሁለት ቦታ አይበቃም፣ ልጄ። ዝላዩ ደግሞ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ሲወርድ፣ ጠቅልዬ ለሁለተኛው ላነጥፍ ነበር ሐሳቤ። ግድግዳው ላይ እንዳየሁት መጀመሪያ ፖሉ ጋ አነጠፍኩ። ማርያምን! ማንም አልነካውም፤ አጠገቡ ነው የቆምኩት።»

«አምንዎታለሁ፣ ጋሼ» አለች ረቢዓ። ሽማግሌው መታመናቸው ይበልጥ አስጨነቃቸው።

ፋይሶ ከታሰረበት ክፍል ጥግ ኩርምት ብሎ ነበር። ገና ስትገባ እንደ አክስቱ «ኤዶ» ብሎ ጠራት።

«ኤዶ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«እሱን ቆይተን እንደርስበታለን። ፊልሙን ለምን ጠላኸው? ልብሱ ርካሽ ስለሆነ?»

ልጁ ጥያቄው አናደደው። «ልብሱን ማን አየ! በማዳበሪያ ከረጢት ቢሰፉትም እንቀበል ነበር። ዳባይል ፈሪ ነው፣ ኤዶ። ዐይኑን የሚሸፍነው ስለሚፈራ ነው። ጫማውን ያወልቃል፣ ዐይኑን ያስራል፣ እየተንቀጠቀጠ ለሰው ሲል ይዘላል። እኛ የወደድነው ያንን ነው። እነሱ ምን አደረጉት? የሚያላግጥ፣ ምንም የማይፈራ ጎረምሳ! ሻሉን ሲመልሱት እንኳ ለጌጥ ነው የመለሱት።»

ረቢዓ ቅርንፉዷን መንከሷን ተወች። «ጫማውን መቼ ነው የሚያወልቀው?»

«ከሁሉ በፊት ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም፣ ሥዕሎቹ ወደተለጠፉበት ግድግዳ ሰበሰበቻቸው። መልአክ፣ ጋሽ ወልደሩፋኤልና ማርያን መጡ። ሠዓሊዋ ሳሃልም ተጠርታ መጣች። ፋይሶን ሃምሳ አለቃው በካቴና ይዞት ቆመ።

«ሁለት ዝላይ ነው» አለች ረቢዓ። «አንዱ በፖሉ በኩል፣ አንዱ በሮቶው በኩል። አቶ መልአክ፣ ታሪኩ የሚጀምርበትን ሥዕል በጣትዎ ያሳዩኝ።»

መልአክ ግራ ጫፍ ላይ ያለውን ነካ። ፖሉ ያለበትን።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ሽማግሌውም እዚያው ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ሳሃል?»

ሠዓሊዋ ቀኝ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ሮቶው ያለበትን ነካች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መሣል የጀመርኩት ቁርዓን ቤት፣ በሉሄ፣ በእንጨት ሰሌዳዬ ላይ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ነው የምሄደው። ሁልጊዜም ከቀኝ ነው።»

«እኔም ያደግኩት ቁርዓን ቤት ነው» አለች ረቢዓ። «ዛሬ ጠዋት ይህን ግድግዳ ሳየው ከቀኝ አነበብኩት፤ ጋሽ ወልደሩፋኤል ‹መጀመሪያ ፖሉ ጋ› ሲሉኝ ደነገጥኩ። ማን እንደተሳሳተ የነገሩኝ ጫማዎቹ ናቸው። ቀኝ ጫፍ ያለውን ተመልከቱ፤ ዳባይል ጫማውን እያወለቀ ነው። በቀሩት ሥዕሎች ሁሉ ባዶ እግሩን ነው። አቶ መልአክ፣ ዘልሎ ዘልሎ ካበቃ በኋላ ጫማውን የሚያወልቅ ማን ነው?»

መልአክ ሥዕሉን አፍጥጦ አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር በወጉ ያየው።

«ዐቦኮር ጫማውን በሮቶው በኩል አውልቆ አስተካክሎ አስቀመጠ። እንደ ዳባይል ወደ ታች ላለማየት ዐይኑን ራሱ አሰረ። ‹ቀጥል› ሲባል ፍራሹ አለ ብሎ ዘለለ። ፍራሹን ማንም አላዛወረውም። ልክ እንደ ኮሚኩ ነበር የተነጠፈው፣ ኮሚኩን ገልብጦ ላነበበ ሰው።»

«ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለች ሳሃል። «ውሉን ከፈረምኩላችሁ ወዲህ ስልኬን እንኳ አታነሱም ነበር።»

መልአክ ጣቱን ከግራው ሥዕል ላይ አነሳ።

ማርያን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ታዲያ ወንድሜን ማን ገደለው?»

«መዝገቡ ላይ ‹ቸልተኝነት› ብዬ ነው የምጽፈው» አለች ረቢዓ። «አቶ መልአክ ይጠየቃሉ። ከዚያ የሚበልጥ ቃል ሕጉም የለው፣ እኔም የለኝ።» ቃሉ ለራሷም አነሳት፤ ግን ሌላ አልነበራትም።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሊፈታ ሲል ረቢዓ አስቆመችውና የፋይሶን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። «ዐቦኮር ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ለቡድኑ የጻፍከው አለ። ‹ከፖሉ በኩል ሊጀምሩት ነው! ገልብጠው ነው ያነበቡት!› ይላል። ፍራሹ ያለቦታው እንደተነጠፈ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ዐቦኮር ከየት እንደሚጀምርስ ታውቅ ነበር?»

«አብረን ነው ያነበብነው፣ ኤዶ። በአንድ ቅጂ ነበር የምናነበው።»

«ታዲያ ለምን አልጮህክም?»

«ከነሱ ጋር ሲገባ ከድቶናል ብዬ ነበር። እሱም እንደነሱ ከፖሉ በኩል የሚዘል መሰለኝ። አቀርቅሬ ስጽፍ ነው የወደቀው።»

ከሁሉም መሐል ዳባይልን በትክክል ያነበበው የፊልም ሰው ዐቦኮር ብቻ ነበር።

ካቴናው ተፈታ። «ነፃ ነህ፣ ሂድ» አለችው ረቢዓ። ፋይሶ ግን የታሰረ ይመስል እጆቹን እንዳጋጠመ ቀረ። ማርያን በአጠገቡ አልፋ የወንድሟን ጫማዎች ከሃምሳ አለቃው ተቀብላ በደረቷ አቅፋ ሄደች። በረቢዓ እጅ ላይ ስልኩ ነዘረ። ወሬው ያልደረሰው አንድ የቡድኑ አባል፣ በዚያች መልእክት ሥር የሳቅ ምልክት አስቀምጦ ነበር።