ዋናው ሳይነካ

መምህሩ ሊሄድ ነው። ወሬውን ከሰማች ጀምሮ ንብ ምግብ አልወርድ ብሏታል።

መምህሩ ሲባል እውነተኛ መምህር እንዳይመስላችሁ። እንደ እሷው ኮድ ጸሐፊ ነው። የሰው ሥራ ባየ ቁጥር «እዚህ ጋ እንዲህ ብታደርጊው» ማለት ስለሚያበዛ ቢሮው በሙሉ መምህሩ ይለዋል። እሷን ደግሞ ንብ ይሏታል፤ ጠዋት ከተቀመጠች ቀና የምትለው ለምሳ ነው፣ ከነኳት ግን መናደፏ አይቀርም።

እሱ ደግሞ ነክቷታል። ከሳምንታት በፊት፣ ለዓይን ሆስፒታል የምትሠራውን ፕሮግራም ከጀርባዋ ቆሞ ሲያይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«አንዱን በአንዱ እየዞረ የሚያይ ይኼን ሁሉ ሉፕ ምን አስጻፈሽ?» አላት። «ቋንቋው ራሱ ዝግጁ ፈንክሽን አለው እኮ። የመለያውን ሁኔታ ትሰጪዋለሽ፣ የሚያሟሉትን ለይቶ ወደ አዲስ ክምችት ኮፒ ያደርግልሻል። ከዋናው የታካሚዎች ዝርዝር ላይ እየሰረዝሽ አትሂጂ። ዋናውን አትንኪው።»

«ሥራዬን አውቃለሁ።»

«አታውቂም አላልኩም።»

«እንግዲያው አፍህን ከኮዴ ላይ አንሳልኝ።»

የቢሮው ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ፣ ምሳ አብረው ካልበሉ የማይጠግቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ሆኑ። ሰላምታቸውም በአንገት ብቻ።

ጉዱ ሌላ ነው። በማግስቱ ሰው ሳይገባ መጥታ ኮዱን ልክ እሱ እንዳለው አድርጋ ጻፈችው። ያ ሁሉ መስመር ወደ አንዲት መስመር ወረደ። ልክ ነበር ሰውዬው፤ ያንገበገባትም ልክ መሆኑ ነው። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላለችም። እልህ ይዟት ነዋ።

ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ መምህሩም ማንም ሳይጠይቀው «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ዛሬ ከሰዓት ኃላፊያቸው ሊያስፈርሙት ነው።

«ታዲያ አትሂድ አትይውም?» አለቻት ታላቅ እህቷ ጠዋት፣ ጫማዋን እያሰረች።

«በምን አፌ?»

«በዚያው በተሳደብሽበት።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወጣ። ንብ አልወጣችም። ኃላፊዋ «ተራ የሚጠብቁትን ታካሚዎች ለይተሽ አውጪልኝ፣ ቀጠሯቸው ሊነገራቸው ነው» ብለዋት ስለነበር ፕሮግራሙን አስኬደችው። ውጤቱን ስታይ ክው አለች።

ስክሪኑ ላይ የመጡት ታክመው የጨረሱት ናቸው። ከሚጠብቁት አንድም ሰው የለም። የመለያውን ሁኔታ በተገላቢጦሽ ጽፋዋለች። የሚጠብቁት ሰዎች ከየጤና ጣቢያው በስልክ እየተለቀሙ የተመዘገቡ ናቸው፤ ከጠፉ ማን መልሶ ያገኛቸዋል? ያን ኮድ መጀመሪያ ሁኔታውን የማያሟሉትን ከዋናው ላይ እየሰረዘ እንዲሄድ አድርጋ ስለጻፈችው፣ ድንጋጤው ያንኑ ብቻ አስታወሳት።

ከእሷ ሌላ ቢሮው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ መሳቢያውን ባዶ እያደረገ።

«መምህሩ» አለችው።

ቀና አለ። ስሙን ከአፏ ከሰማ ቆይቷል።

«ሰዎቹን አጠፋኋቸው።»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«ዓይናቸውን ለመታከም የሚጠብቁትን። ሁሉንም። እባክህ ና።»

አንድም ነገር ሳይጠይቅ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እሷ አጠገቡ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ኮዱን ከላይ ጀምሮ ሲያነብ አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ጠፍተዋል፣ አይደል?»

«ይቺን መቼ ጻፍሻት?»

«የቷን?»

«ኮፒ የምታደርገዋን።»

ያኔ ትዝ አላት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። «በተጣላን ማግስት» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

«እንግዲያው ማንም አልጠፋም። የታከሙትን ወደ አዲሱ ክምችት ኮፒ አደረገ እንጂ ከዋናው ላይ ማንንም አልሰረዘም።» ዋናውን ከፍቶ አሳያት። ሁሉም አሉ፣ ከነስልካቸው።

የጎረቤቷን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። እፎይ አለች። ሳቅም እንባም ባንዴ መጣባት። እሱ ተነሥቶ ቦታዋን ለቀቀላትና ሁኔታውን ራሷ አስተካክላ ደግማ አስኬደችው፤ የሚጠብቁት ሰዎች እየተከታተሉ ወጡ።

«ሰምተሽኝ ነበር ማለት ነው» አላት።

«ብነግርህ ልትኮራብኝ አይደል?»

«እኔ እኮ ዓይንሽ እንዳያየኝ የፈለግሽ መስሎኝ ነው እሄዳለሁ ያልኩት።»

«ሰው ፊት ስላረምከኝ ነው የከፋኝ። ብቻዬን ስሆን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

መምህሩ አቀረቀረ። «ብቻሽን ስትሆኚ ላወራሽ አልችልም። ምላሴ ይተሳሰራል።»

ንብ አየችው። ያ ለሁሉም መልስ ያለው ሰው የሸሚዙን ቁልፍ እየነካካ ቆሟል። አንጀቷን በላት።

«አሁንም ብቻዬን ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ና ተናገር።»

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ዓይኑ ግን ከዓይኗ አልተነሣም፤ እሷም አልሸሸችም። ትንሽ ጠበቀችውና፣ «አትሂድ» አለችው።

በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ ለምሳ የወጣው ሰው ግር ብሎ ገባ፤ ኃላፊዋም ከኋላ።

«መምህሩ፣ ናና ፈርም» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሄድም።»

«ምነው? ራስህ አይደለህ እንዴ የጠየቅከው?»

ንብ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ስለምወዳት ነው» አለ፣ በጠራ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔም» አለች ንብ፣ ያለ አንዳች እልህ።