መደወል የተከለከለው ድምፅ

አታምኑኝ ይሆናል። አልፈርድባችሁም... እኔም በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል።

የሆነው በ2005 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ቀን። ያውም በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ "ደንግጬ ነው" ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

በፍልሰታ ቀትር ላይ ከተማው ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ነው። ባጃጆቹ እንኳ ያለ ሾፌር ተደርድረው ይቆማሉ። ጉሙ ተነስቶ አስፋልቱን ይውጠዋል።

እኔና ዘካርያስ የምንሠራው ለወቅት ሠራተኞች በተቋቋመ አንድ ትንሽ ማኅበር ቢሮ ውስጥ ነበር። ያለን አንድ ሰርቨር ነው። እሱ ላይ ማንም ሳይከፍተው፣ ከጀርባ ሆኖ ቀን ከሌሊት የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለ። ለሰሊጥ አረም መተማ የወረደ ልጅ ይደውልና ድምፁን ያስቀምጣል። እናቱ ከስማዳ ወይ ከእስቴ ትደውልና ታዳምጠዋለች።

በቃ። ፕሮግራሙ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅ ያሰማል።

እሱ ራሱ ለማንም አይደውልም።

እንዳይደውል ያደረግሁት እኔ ነኝ። የጥበቃ ደንብ ጻፍኩለት። ነገሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ የበሩ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው እንኳ ክህነት ከሌለው መቅደስ አይገባም። ፕሮግራሙም የማሽኑ ጌታ ቢሆን እንኳ ደንቡ ካልፈቀደለት እጁን መዘርጋት አይችልም። ከሞከረ ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ይወጣል።

ተከለከለ።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ ከወገዳ ደወለች።

"የኔነሽ..." አለች። በሹክሹክታ ነው።

"ወዬ እማ። ምነው ድምፅሽ?"

"ዛሬ ቅዳሴ አልሄድም። ስልክ እየጠበቅሁ ነው።"

እናቴ ታንጉት የፍልሰታን ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም።

"የማንን ስልክ?"

"የበላይነህን።"



በላይነህ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና መተማ ላይ ወባ ገደለው። የቀበረው ጓደኛው ተሻገር ነው፤ ልብሱን ጠቅልሎ አመጣልን። አልቅሰናል። ተዝካሩንም አውጥተናል።

"እማ... ያቺን የድሮዋን መልእክት ሰምተሽ ነው" አልኳት። ከመሞቱ በፊት ሰርቨሩ ላይ የተዋት አንዲት ድምፅ ነበረች፤ ደህና ነኝ፣ ለመስቀል እመጣለሁ የምትል። እማ እየደወለች ትሰማት ነበር።

"እሷንማ በቃሌ አውቃታለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ትናንት በቀትር ከቦጋለች ጋር ለቅዳሴ ልንወጣ ስንል ራሱ ደወለ።"

"ምን አለሽ?"

"'እማ፣ ነይ ተቀበይኝ፤ አፋፉ ላይ ነኝ' አለኝ። ሄድኩ። ያቺ ቦጋለች ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ እንጂ ደርሼበት ነበር።"

ከቤታችን ጓሮ ትንሽ አለፍ ሲሉ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

"እማ በሞቴ፣ ስልክሽን አጥፊው። 'ቀትር ላይ የጠራሽን ሳታዪ አቤት አትበይ' ብለሽ ያሳደግሽን አንቺ አይደለሽም?"

"እሱ ለባዳ ነዋ" አለች። "ለልጅም?"

"እማ..."

"ዛሬም ይደውላል። ጫማዬን አድርጌ ነው የምጠብቀው።"

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ። አታነሳም። ጎረቤታችን እትዬ ቦጋለች ስልክ የላቸውም፤ በቀትር ደግሞ እሳቸውም ቅዳሴ ናቸው። ዛሬ ነጠላዋን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ወደ ዘካርያስ ዞርኩ።

"ሰርቨሩን ነክተሃል?"

"እኔ? ኧረ!" አለ። ከዚያ ጆሮውን አከከ። "ደንብሽን ብቻ ትንሽ... አላላሁት።"

"ምን አደረግህ?"

"ሰው 'ድምፁ አልሰማ አለን' እያለ ሲጮህብኝ ጊዜ ነዋ! አስገዳጅ የነበረውን ታዛቢ አደረግሁት። እስኪስተካከል ብዬ። አንቺ እንደሁ ለአይጥም የመግቢያ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ።"

ታዛቢ ማለት... ጥፋቱን ያያል፣ ይጽፋል፣ አይከለክልም። ጅብ በረት ሲገባ ቆሞ እንደሚያይ ዘበኛ ነው።

ቁጭ ብዬ መረመርኩ። እውነት ነው፤ ትናንት በቀትር ፕሮግራሙ የእናቴን ቁጥር ደውሏል። ያስደወለውን ሰው ፈለግሁ። ከውጭም ከውስጥም የገባ የለም። ያሰማትን ድምፅ ፈለግሁ። ተቀድቶ የተቀመጠ ነገር የለም።

ጥሪው ግን ረጅም ነው፤ ብዙ አውርቷል። ባልተቀዳ ድምፅ።

የዘካርያስ ቀልድ ጠፋ።

"አጥፊውና እንገላገል" አለ።

"የአረም ወቅት ነው፤ የሌሎቹ እናቶችስ? አይጠፋም፤ ይቆለፋል።"

ደንቡን መስመር በመስመር አየሁት። ድምፅ አልሰማ ያሰኘችውን አንዲት ስህተት አረምኩ። ሌላውን ሁሉ አጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ አስገዳጅ መለስኩት።

ጠበቅን።

የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ...

ተከለከለ።

"ሞከረ" አለ ዘካርያስ በሹክሹክታ።

የእናቴ ቁጥር ነው።

ተከለከለ። ተከለከለ። ተከለከለ።

ስክሪኑ በዚያች ቃል ተሞላ። በር እንደሚደበድብ ሰው ፋታ አልነበረውም።

በድንገት መደወሉን ተወ። ማይክሮፎን ጠየቀ።

ተከለከለ።

"ማይክሮፎን አለን እንዴ?" አለ ዘካርያስ።

"የለንም።"

ድምፅ ማጉያ ጠየቀ። ተከለከለ። ሰዓቱን ሊነካ ሞከረ። ተከለከለ።

ከዚያ ዝም አለ።

ቆየት ብሎ ፕሮግራሙ ቆመ። እኔ አላቆምኩትም። ዘካርያስም እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቆሞ ነበር። በራሱ ቆመ... ተነስቶ እንደሄደ ሰው።

"አለቀ" አለ ዘካርያስ። ሊስቅ ሞከረ። "ቻልሽው እኮ!"

ስልኬ ጮኸ። እማ ናት።

"እማ! የት ነሽ?"

"ቤት ነኝ።"

"ደወለ?"

"አልደወለም።"

እፎይ አልኩ። ወንበሩን ተደገፍኩ። ግን...

"ታዲያ ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?"

ከጀርባዋ ዝናብ ይሰማል።

"ደጅ ቆሟል" አለች።

"ማን?"

"'የኔነሽ ስልኩን ከለከለችኝ፤ በእግሬ መጣሁ' ይላል።"

ዘካርያስ ፊቴን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"እማ፣ ስሚኝ። በሩን እንዳትከፍቺ። ትሰሚያለሽ? አቤት እንዳትዪው!"

ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርደው ተሰማኝ። ከዚያ ድምጿ፣ ከሩቅ... ሕፃን ሳለን እንደምትጠራን ለስልሶ...

"አቤት፣ የኔ ልጅ።"

መስመሩ ተቋረጠ።

ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ስለነበር ወገዳ የደረስኩት በማግስቱ ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የቀረውን በእግሬ ሮጥኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አፋፉ ነው። ቁልቁል አየሁ።

ምንም የለም።

ቤታችን ደጅ ላይ እትዬ ቦጋለች ቆመዋል።

"እንኳን መጣሽ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ከውስጥ ቀርቅራ ተቀምጣለች።"

"በሕይወት አለች?"

"ኧረ አለች! ታወራለች፤ ትስቃለች። ከተዝካሩ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ከማን ጋር እንደሆነ ነው የጨነቀን።"

በሩን መታሁ። "እማ፣ እኔ ነኝ።"

መቀርቀሪያው ተነሳ።

እናቴ ደህና ነበረች። አቀፍኳት፤ እንባዬ መጣ። ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው።

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ቤቱን አየሁት። ማንም የለም። ሌላ በር የለም። መስኮት የለም።

መደቡ ሥር የእንግዳ እግር የሚታጠብበት ሳፋ ተቀምጧል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኛ ደጅ አፈር ቀይ ነው። ሳፋው ውስጥ የዘቀጠው ግን እንደ ከሰል የጠቆረ የቆላ ጭቃ ነበር።

ጣቴን ነከርኩ። ገና ለብ ያለ ነው።

"እማ... የማንን እግር ነው ያጠብሽው?"

እኔን አሻግራ ባዶውን መደብ እያየች ፈገግ አለች።

"አትደንግጥ" አለችው። "እህትህ ናት።"

ሳፋው ውስጥ ውሃው ተናወጠ።

ከሳፋው ጎን፣ ደረቁ ወለል ላይ፣ አንድ እርጥብ የእግር ዱካ ወጣ...

ከዚያ ሁለተኛው።

ጣቶቹ ወደ እኔ ዞረው ነበር።