የሰርቦን ታፔላ የቆረጠው እጅ

እኔ እኮ «ጂን ያዘው፣ ውቃቢ ጠራው» ሲባል ሆዴን ይዤ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ከከምባታ ወደ ጅማ ስመጣም መጽሐፍ ቅዱሴንና ሁለት እጄን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ሂድና ተኛ» ነበር የምለው። ግን በዓይኔ አየሁ፣ ምን ላድርግ!

ዘመኑ ደርግ ነው። ሄርማታ ገበያው አጠገብ፣ ሐጂ ከድር ታፔላ ቤት እሠራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ላሜራውን እቆርጣለሁ። ያን ሰሞን የሰርቦ አካባቢ አንድ የገበሬ ማኅበር አዲሱን የቡና መጋዘኑን ሊያስመርቅ ሽር ጉድ ይላል፣ ለታፔላውም ከአዲስ አበባ በስንት ደብዳቤና ማኅተም አንድ አሉሚኒየም ላሜራ መጣ። አንድ ብቻ! ሊቀመንበሩ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጓድ፣ ይኼ ከተበላሸ ስህተት አይባልም፣ አሻጥር ነው» አለኝ። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ልኩን የላኩልን በሲባጎ ነው። የብረት ፍሬሙን ርዝመት በሲባጎ ለክተው፣ ጫፉን ቋጥረው ለአንድ ገበሬ ሰጡት፣ ሰውየው በዝናብ በስብሶ ደረሰ። እኔም ሲባጎውን ዘርግቼ ላሜራው ላይ በምስማር አሰመርኩ፣ ጽሑፉን ሐጂ ፍሬሙ ላይ ካረፈ በኋላ እዚያው ሰርቦ ሄደው ይጽፉታል።

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ቀትር ላይ። ጁምዓ ሲደርስ ሄርማታ ጭር ይላል፣ የሐጂም ሕግ ጥብቅ ነው፣ ሶላት እስኪያበቃ በዚያ ቤት ብረት አይነካም። «እስክመለስ ቁጭ በል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። የት ቁጭ እላለሁ! የማኅበሩ መኪና ላሜራውን ሊወስድ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መቀሱን አነሳሁ። የላሜራ ምስጢሩ መቀሱን እስከ ጫፉ አለመዝጋት ነው፣ ከዘጋችሁት ጠርዙ ላይ ጥርስ ይተዋል። እጄ ስላላበው መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግ አደረግኩ፣ መቀሴ ገና ምንም አልነካም።

ቅጭ።

ከማዶ ጫፍ ነው። አይጥ ናት አልኩ። ቅጭ፣ ቅጭ። በግራ መዳፌ ሥር ላሜራው ይንቀጠቀጣል። ቀና ብል፣ እመኑኝ፣ ከማዶ በኩል ቀጭን ስንጥቅ ወደ እኔ ይመጣል፣ ሰው የለ፣ መቀስ የለ፣ ስንጥቁ ብቻ፣ ያውም እንዴት ያለ ቀጥ ያለ! ደግሞ በእኔ መስመር ላይ መሰላችሁ? ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ነው የሚመጣው። «ኧረ በኢየሱስ ስም! ተው፣ ታስፈጀኛለህ!» ብዬ ጮህኩ። አልተወም። እኔ ጋ ሲደርስ ትርፉ ቁራጭ መሬት ላይ ወደቀ፣ ቤቱም ዝም አለ። ጠርዙን ብዳብሰው አንዲት ጥርስ የለችበትም።

ሐጂ ሳይመለሱ መኪናው መጣ፣ ምን አማራጭ አለኝ፣ ጭኜ ሄድኩ። ሰርቦ ደርሰን ፍሬሙ ላይ ስናሳርፈው ልክክ! ለካ ሲባጎው ዝናብ ሲመታው አጥሮ ኖሯል፣ በእኔ መስመር ተቆርጦ ቢሆን አልቆልኝ ነበር። ሊቀመንበሩ አቀፈኝ፣ እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ፣ ተረፍኩ እኮ!

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየሳቅኩ ስመለስ ሐጂ ትርፉን ቁራጭ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ይኼን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በሶላት ሰዓት…»

«አንተ በቀኝህ ነው የምትቆርጠው። ይኼን ግራኝ ነው የቆረጠው፣ ጠርዙ የዞረበትን እየው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አልሳቁም።

«ጀማል ልጄ ግራኝ ነበር» አሉ። «ካንተ በፊት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ነበር፣ ላሜራ አሳጥረህ ቆረጥክ ብለው ወሰዱት። ሦስት ዓመቱ። ያልጠየቅኩት ቢሮ የለም፣ ወላሂ፣ ሞቷልም አለም የሚለኝ አጣሁ። የጀናዛ ሶላት ልስገድለት? ወይስ በሰላም መልሰው ብዬ ዱዓ ላድርግ?» እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ዱጋ ናቲ ሂሚ፣ እውነቱን ንገረኝ። የሞተ ሰው አይተነፍስም። ሲቆርጥ ትንፋሹን ሰምተሃል?»

እኔ የሰማሁት መቀስ ብቻ ነው። ግን ፊታቸውን አየሁና «ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አለቀሱ፣ ወዲያው ተነስተው ለባለቤታቸው ሊነግሩ ወደ ቤት ገሰገሱ። ላሜራውን ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያቺን ቃል የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ፣ የጀማል እናትም ከዚያች ማታ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በሩን ሳይቀረቅሩ ነበር የሚያድሩት።