የእማዬ ዓይኖች

«ማነው የነካብኝ?»

የፋና ድምፅ የሥዕል ክፍሉን አናወጠው። ትናንት ጨርሳ በሄደችው ሥዕል ላይ የእናቷ ዓይኖች ጠብበዋል፤ ጉንጯም ጥላ አጥልቶበታል። በእናቷ ቦታ ሌላ ሴት ቁጭ ብላለች።

መምህሯ ሚስተር ኬለር ብሩሽ እያጠበ ዞር አለ። «እኔ ነኝ። ዓይኖቹ ከፊቷ ጋር አይመጣጠኑም ነበር። ነገ ኤግዚቢሽኑ ላይ ስህተት እንዳይመስልብሽ ብዬ ትንሽ አስተካከልኩልሽ።»

ባለፈው ወር አንዲት አቦርጂናል፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ሠዓሊ ከአውስትራሊያ መጥታ ሥራዎቿን አሳይታቸው ነበር። ተራራውን አርት ስኩል እንደተማረችው በብርሃንና በጥላ ስላ፣ ምድሩን ግን አክስቶቿ እንዳስተማሯት በነጠብጣብ ሞልታዋለች። «ነጠብጣቡ ጌጥ አይደለም፤ የአገራችን ታሪክ ነው» ብላቸው ነበር። «አክስቶቼ ያልፈቀዱልኝን አልስልም።»

ፋና ይህን ሥዕል በማግስቱ ነው የጀመረችው። የሰፈራቸውን መንገድ፣ ፒዮሪያ ስትሪትን፣ ክፍል ውስጥ እንደተማረችው፣ እየራቀ ሲሄድ እየጠበበ ሳለችው። አውቶቡስ የምትጠብቀውን እናቷን ግን እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕሎች ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ዓይኖች።

«ስህተት አይደለም!» አለች። «እኛ ጋ ቅዱሳን እንደዚህ ነው የሚሳሉት። ማን ይንኩት አለዎት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ ፋና። እንዲህ ከተውሽው ነገ መግቢያው ላይ ይሰቀላል። ካበላሸሽው ግን ቦታ የለውም።» በሩን ዘግቶ ወጣ።

ጓደኛዋ ቃለአብ ጠጋ አላት። «ሪላክስ በያ! ማንም አያውቅም እኮ።»

«እማዬስ? አረጋውያን ከምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ፈቃድ ወስዳ ነው የምትመጣው። ይቺን ሴትዮ ልታይ?»

ፋና ነጭ ቀለም ከፈተችና ያን እንግዳ ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ሸፈነችው። ንዴቷ ግን አልበረደም። ስልኳን አነሳች።

«እማ፣ ነገ ሥዕሌ አይሰቀልም።»

«ምነው? ፈቃድ ወስጃለሁ እኮ!»

«አትቅሪ፣ ነይ። ፊት ለፊቴ ትቀመጪልኛለሽ። ፊትሽን እንደገና ልስለው ነው።»

«ታዲያ የአገር ልብስ ልልበስ?»

«አይ» አለች ፋና፣ ብሩሿን ውኃ ውስጥ እየነከረች። «የሥራ ዩኒፎርምሽን።»